ኮምፒውተሩ ያላገኛቸው ባለቤት

ልደታ ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ይላል። ቀኑን ሙሉ የሰው ክስ፣ የሰው መልስ፣ የሰው ፍቺ ስጽፍ እውላለሁ። ትዕግሥት ሲታደል እኔ የት እንደነበርኩ አላውቅም፤ ደንበኛ በትከሻዬ በኩል ስክሪኔን ካየብኝ ደሜ ይፈላል። ሥራዬን ግን አውቃለሁ። ቢያንስ ጋሼ መጠቁም የሚባለውን ጉድ ይዘውብኝ እስኪመጡ ድረስ አውቃለሁ ብዬ እምል ነበር።

ጋሼ የምላቸው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ቤታቸው ጠመንጃ ያዥ ሠፈር ነው፤ ከዚያ እስከ እኔ ሱቅ ከዘራቸውን ይዘው በእግራቸው ነው የሚመጡት። ታክሲ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መግባት ለዳኛ ደንብ አይደለም ባይ ናቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ በእጃቸው የጻፉትን የሕይወት ታሪካቸውን እኔ ተየብኩላቸው፤ ገጹንም እኔ አበጀሁት። ማተሚያ ቤቱ የጽሑፉን ገጽ ሁሉ ተረክቦ የማተሚያ ፕሌቱን ሠርቶ ጨርሷል። ከኋላ ለማጠቃለያ ተብለው የተተዉ ጥቂት ባዶ ገጾች ብቻ ናቸው የቀሩት።

አንድ ሰኞ ጠዋት መጡና እነዚያን ገጾች በዋዛ እንዳልሰጥባቸው ነገሩኝ። መጽሐፉ ከኋላው ስምና ገጽ የሚያሳይ ዝርዝር ያስፈልገዋል አሉ። ማውጫማ ከፊት አለልዎት አልኳቸው። ልክ መጥሪያ ደርሶት እንደቀረ ሰው አዩኝ። ማውጫ ምዕራፉ የት እንደሚጀምር ብቻ ነው የሚናገረው፤ እሳቸው የሚሉት ግን አንድ ሰው ስሙን ፈልጎ ስንተኛው ገጽ ላይ እንዳለ የሚያገኝበትን፣ ፈረንጅ ኢንዴክስ የሚለውን ነው። ምክንያቱንም አልደበቁኝም። እኩዮቻቸው ዓይናቸው ደክሟል፤ መጽሐፉን ማንም አያነበውም፤ ገና እጃቸው ሲገባ ከኋላ ገልጠው «እኔ የት ነኝ?» ነው የሚሉት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለው ጨመሩበት።

እኔም እሺ፣ ጠቋሚ እንሠራለታለን አልኩ። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መቱት። ጠቋሚ ማለት በዚያ ክፉ ዘመን ሰው በጣቱ እያሳየ ያሳሰረ ማለት ነው፤ በኔ መጽሐፍ ውስጥ ጠቋሚ አይገባም አሉ። ኧረ ጋሼ፣ ይሄኛው የቃል ጠቋሚ ነው ብል ወይ ፍንክች። ተከራክረን ተከራክረን በ«መጠቁም» ታረቅን። ሁለቱም ያው ከአንድ ቤት የወጡ ቃላት ናቸው፤ ግን መጠቁም እስካሁን ማንንም አላሳሰረም።

በማግስቱ ደግሞ ባለቤታቸው መጡ። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ከልደታ ማርያም ሲመለሱ ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ ገቡና መታወቂያ ኮፒ አድርጊልኝ አሉ። ዝም የሚሉ ሴት ናቸው። ሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያወጡና ሲያስገቡ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ኮፒውን ሰጠኋቸው፤ ተቀበሉኝ፤ አልሄዱም። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። መጽሐፉ ከኋላው የስም ዝርዝር ሊኖረው ነው አሉ፣ እውነት ነው? ብለው ጠየቁኝ። እውነት ነው አልኩ።

«እኔስ አለሁበት?» አሉኝ።

ከዚያ ነገሩን ቀስ እያሉ አወጡት። ስምንት ዓመት የምግብ ጠረጴዛው የመጽሐፉ ነበር፤ እሳቸው ጥግ ጥጉን ነው የበሉት። አንድም ገጽ አንብበው አያውቁም። ጋሼ ያልተፈረመ ፍርድ አይነበብም ብለው ሳጥን ውስጥ ይቆልፉታል። የመጽሐፉ ምረቃ ቀን ሲደርስ እህቶቻቸው ይመጣሉ፤ የድሮ የመዝገብ ቤት ባልደረቦቻቸው ይመጣሉ፤ የጽዋ ማኅበርተኞቻቸው ይመጣሉ። ሁሉም ከኋላ ገልጠው ይፈልጓቸዋል። ካለሁበት ቀሚስ አሰፋለሁ አሉ፤ ከሌለሁበት ግን አስቀድሜ ልወቀው፤ በዚያ ቀን ራሴን ያመኛል።

እኔ ይሄን ሰምቼ ዝም ብል ምን ነበረበት? አፌን ሞልቼ፣ እንኳን እርስዎ የሠፈሩ ሻይ ቤት ሳይቀር ገብቶበታል አልኳቸው። ያን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የተየብኩት እኔ ስለሆንኩ እርግጠኛ ነበርኩ። ታይፕ የሚመታ ሰው የሚያነበው በጣቱ መሆኑን፣ ጭንቅላቱ ሌላ ቦታ እንደሚውል ለራሴም አልነገርኳትም። ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ስምዎን ብቻ ነው፤ ዓይን ጨፍነው ሳይገልጡ ከነገጹ ለቅሞ ያወጣዋል፤ ሐሙስ ይምጡ አልኳቸው። ስማቸውን ወረቀት ላይ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ጽፈው፣ የአባታቸውንም ጨምረው ሰጡኝ። ሲወጡ ደረጃውን በወጣት እግር ነው የወረዱት።

ያን ዕለት ለመጠቁም ብቻ የተሠራ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወረድኩ። የሙከራ ቅጂ ስለሆነ በየደቂቃው ግዛኝ፣ ግዛኝ ይላል። መጽሐፉን አጎረስኩት። ስም የሚመስለውን ሁሉ ለቅሞ፣ በፊደል ተራ ደርድሮ፣ ገጹን ከጎኑ ጽፎ ሰጠኝ። እርፍ! ብዬ ሻይ አዘዝኩ። ሻዩ ሳይመጣ ጉዴ ፈላ።

ለካስ ፈረንጅ ሰውን የሚፈልገው በመጨረሻ ስሙ ነው። ፕሮግራሙም የጋሼን ሰዎች በሙሉ ገልብጦ በአባቶቻቸው ሥር አስገባቸው። የጋሼ የቀድሞ አለቃ፣ ስንቱን ያንቀጠቀጡ ዳኛ፣ ጠፉ፤ በቦታቸው የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ገበሬ አባታቸው ችሎት ተቀምጠው ተገኙ። የአባታቸው ስም የተመሳሰለ ሁለት ባላንጣዎች ወንድማማች ሆነው አንድ መስመር ላይ አደሩ። አቶ የሚል የቀደመው ሰው ሁሉ ደግሞ አ ውስጥ ታጉሯል፤ ወይዘሮዎቹ ወ ውስጥ ተሰብስበዋል። ሌላው ፊደል ባዶ ነው።

ልደታ ራሷ አንድ ቦታ መሆኗ ቀረ። በልደታ፣ የልደታ፣ ከልደታ፣ ለልደታ፣ ልደታን፣ እስከልደታ ተብላ ስድስት ቦታ ተበታተነች። የ ፊደል ብቻዋን ሦስት ገጽ ወሰደች። በዚህ ላይ ጋሼ አንዱን ሰውዬ አንዴ በንጉሡ ሠ፣ አንዴ በእሳቱ ሰ ጽፈውታል፤ ለኛ አንድ ሰው ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን ሁለት ሰው ሆነና መሐላቸው ረ ገብቶ ለያያቸው። አንዱ ከሳሽ ነው፣ ሌላኛው ደግሞ ለዚሁ ከሳሽ ምስክር። ጋሼ ዝርዝሩን ተቀብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊታቸው ሳይፈታ አነበቡና ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብለው መለሱልኝ።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ቃሉ ሲጀምር የ፣ በ፣ ከ ወይም ለ ካገኘህ ቆርጠህ ጣል ብዬ ፕሮግራሙን አዘዝኩት። ታዛዥ ነው፤ ቆረጠ። ከተማው ተማ ሆነ። ለቅሶው ቅሶ ሆነ። በጋሼ ልጅነት ውስጥ የነበረ ደህና በሬ ሬ ብቻ ቀረ። ይህን ሁሉ ሳስተካክል ሁለት ቀን ሄደ፤ የደንበኞቼ ክስ ተከመረ፤ አንዱ ፍቺ ፈላጊማ የኔን ሥራ ሲጠብቅ ከሚስቱ ጋር ሊታረቅ ምንም አልቀረው።

ሐሙስ ጠዋት የእትዬ ነገር ትዝ አለኝ። የጻፉልኝን ወረቀት አውጥቼ ስማቸውን አስገባሁ። ፈልግ አልኩት። «አልተገኘም» አለኝ። በንጉሡ ሠ ሞከርኩ፣ በእሳቱ ሞከርኩ፤ ከአባታቸው ስም ጋር ሞከርኩ፣ ያለ አባታቸው ስም ሞከርኩ። አልተገኘም። በሌላው ፕሮግራም፣ ሁልጊዜ ክስ በምጽፍበት፣ ደግሜ ፈለግኩ። እዚያም የለም። ያን ሁሉ ገጽ በነዚህ ጣቶቼ ስመታ አንዴ እንኳ እሳቸው የት አሉ? ብዬ አለመጠየቄ አሳፈረኝ።

ቀጥሎ የሠራሁትን ሳስበው አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ጋሼ እኮ ባለቤቴ ነው የሚሉት፣ ብዬ ባለቤት የሚለውን ቃል ፈለግኩ። ኧረ ምኑ ቅጡ! ገጹ ጎረፈ። ደስ ብሎኝ ሳላጣራ የእትዬን ስም ከላይ ጻፍኩ፣ የገጹን ቁጥር ሁሉ ከሥሩ ደረደርኩ፣ አተምኩት። ሰው ተሰልፎ ነበር። ደግሞ ለሐሙስ ብያለሁ፤ እኔ ቀጠሮ አላጥፍም።

እትዬ በሰዓታቸው መጡ። ወረቀቱን ሲያዩ የገጹ ብዛት አስደነገጣቸው፤ ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ? አሉ። ነዎት አልኩ፣ አሁንም አፌን ሞልቼ። መነጽራቸውን አወጡና ገጾቹን ልያቸው አሉኝ። የሙከራ ኅትመቱን አቀረብኩላቸው። የመጀመሪያውን ቁጥር ገለጡ፤ አጥር ገፍቶ የተከሰሰ የአንድ ግቢ ባለቤት። ሁለተኛውን ገለጡ፤ የጠፋ በግ ባለቤት። ሦስተኛው ላይ ጋሼ በአንድ የርስት ክርክር መሐል የተናገሩት ተረት ነው፤ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል። ከዚያ በኋላ የባለቤትነት ማረጋገጫ ደብተር፣ የባለቤትነት ክርክር፣ ባለቤት አልባ ውሻ። አንዱንም ሳይዘሉ በእርሳስ እየሰረዙ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ሳይሰረዙ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው።

ስሜስ? አሉኝ መነጽራቸውን እያወለቁ። ውሸት መጨመር አልቻልኩም። የለም እትዬ፣ ስምዎ የለም አልኩ።

«ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን በአራት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። በዚያ ቀን ራሴን ሳያመኝ አይቀርም ብለው፣ ጨዋ ናቸውና ላደረግሽው ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ ብለውኝ ወጡ። ምነው ባልመረቁኝ አልኩ። ኮምፒውተሩን ሰደብኩት፤ የፈረንጁን ፕሮግራም ሰደብኩት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው እንጂ፣ ሴትዮዋን ቀሚስ ያሳሰብኳቸው እኔ ነኝ።

ዓርብ ጋሼ ሲመጡ ገና ከዘራቸውን ሳያስደግፉ ነገርኳቸው። በመጽሐፍዎ ውስጥ ባለቤትዎ በስማቸው አንድም ቦታ የሉም አልኩ። ነገሩ ጭራሽ አልገባቸውም። ባለቤቴ ብያለሁ እኮ አሉ። ስማቸውን ነው የምለው፣ ስማቸውን አልኩ።

«ሚስቴን በአደባባይ፣ ሰው ሁሉ በሚያነበው ነገር ላይ፣ በስሟ ልጥራት? ነውር አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሰውየው ክፉ አይደሉም። አባታቸው እናታቸውን በስም ሲጠሩ ሰምተው አያውቁም። እሳቸውም ከተጋቡ ጀምሮ ስሚ ነው የሚሉት፤ ስሚ ሲሉ ደግሞ ማን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ባለቤት ማለት የቤት ጌታ ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ማዕረግ ልስጣት? አሉኝ። ያ ማዕረግ እኮ ለጠፋው በግ ባለቤትም ደርሶታል አልኳቸው። የእርሳሱን ስረዛ፣ የቀሚሱን ነገር፣ በምረቃው ቀን ያመኛል ያሉትን ራስ ምታት ሳልደብቅ አወራኋቸው። ተቀመጡ። ጋሼ ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ቆመው ነው የሚያስቀርቡኝ። ያመኛል አለች? ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ።

ጽሑፉ ግን ከእጃችን ወጥቷል። ፕሌቱ ተሠርቷል፤ አንድ ስም ቢገባ መስመሩ ይገፋል፣ ገጹ ይገፋል፣ መጠቁሙም አብሮ ይበላሻል። በሁለተኛው እትም እናስተካክለዋለን አሉ ጋሼ። በዚህ ዕድሜ? ልላቸው ምላሴ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። የኋላዎቹ ገጾች ገና እኔ ጋ ናቸው፤ መጠቁሙ አልታተመም፤ እዚያ እናስገባቸው አልኩ። አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። በመጨረሻ ፍርድ ሰጡ፦ ማስረጃ ካለ ይግባ፣ ማስረጃ ከሌለ አይገባም። በተጠቀሰው ገጽ ላይ እሷ ከሌለች ቁጥሩ ይሰረዛል፤ ረቡዕ ራሴ እያንዳንዱን አመሳክራለሁ አሉ። ማተሚያ ቤቱ የሚፈልገው ሐሙስ ነው።

እትዬን ደውዬ ለመንኳቸው። ሁለተኛ አልዋረድም ብለው እምቢ አሉ። ማስረጃ ተፈልጎ ነው፣ መዝገብ የሚያውቅ ሰው የለኝም ስላቸው ግን ቅዳሜ ጠዋት ከች አሉ። ወረቀት በሩብ በሩብ ቆርጠው ካርድ አድርገው፣ በክር አስረው ይዘው ነው የመጡት። መጀመሪያ የኔን ሁለት ቀን ድካም በአምስት ደቂቃ አፈረሱት። መዝገብ ቤት ሰው በራሱ ስም ይገባል እንጂ በአባቱ አይገባም፤ አቶው ከኋላ ይቆማል፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ አንድ ሣጥን ውስጥ ያድራሉ፤ ያለዚያ ፋይል ፈላጊ ባለጉዳይ በር ላይ ሲቆም ይመሻል አሉኝ። እሳቸው በዓይናቸው እያነበቡ ይነግሩኛል፣ እኔ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባለሁ። ሲነገረው ደግሞ ጎበዝ ነው፤ ይደረድራል፣ ገጹን ያስተካክላል፣ የተደገመውን ያዋሕዳል። ለካስ ሥራው መፈለግ አይደለም፤ ፈልገው የሰጡትን ማስቀመጥ ነው።

እንዲህ አድርገው እትዬ የባላቸውን መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡት፤ እኔ ሱቅ፣ ከኮፒ ማሽኑ አጠገብ፣ ባለጉዳይ እየተረማመደባቸው። ገጽ አርባ አራት ላይ ቆሙ። «ከችሎት ደክሜ ስገባ ምሳ ቀረበልኝ» ይላል።

«በማን?» አሉኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ ሆነ። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ተወሰነ፣ ተፈረደ፣ መዝገቡ ተዘጋ ሲሉ ስለኖሩ ቤታቸውንም በዚያው ቋንቋ ነው የጻፉት። ካባዬ ተተኩሶ ጠበቀኝ ይላሉ። የጠፋው መዝገብ ከአልጋ ሥር ተገኘ ይላሉ። ልጆቹ ተድረው፣ ቤቱ ተጠግኖ፣ ጣሪያው ተቀይሮ ኑሮ ቀጠለ ይላሉ። እትዬ በየቦታው በማን? ይላሉ፤ ካርዳቸው ላይ ገጹን ይጽፋሉ። ጣሪያው ላይ ሲደርሱ ቆርቆሮው ከየት እንደተገዛ፣ አናጢው ስንት ቀን እንዳመላለሳቸው በደንብ ነገሩኝ፤ ጋሼ በዚያ ሰሞን ክፍለ አገር ነበሩ።

አጭበርብረው ቢያስገቡ ማን ያውቅባቸዋል? እሳቸው ግን ወይ ፍንክች። እንግዶቹ ደረሱ፣ ሻይ ተፈላ የሚለው ላይ እኔ ቶሎ ቁጥሩን ልመታ ስል እጄን ያዙኝ። ያን ቀን ያፈላችው እህቱ ናት፤ የሐሰት ምስክር አልሆንም አሉኝ። ለእህትየው በስሟ መስመር አስከፈቱላት። ለበጉ ባለቤት ሳይቀር አሰቡለት።

ማክሰኞ ከሰዓት ጋሼ በክፉው ዘመን ታስረው የነበሩበት ምዕራፍ ላይ ደረስን። ረጅም ነው። አብረው የታሰሩት ሁሉ ከነማዕረጋቸው ተዘርዝረዋል። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ሥር እንዲህ ይላል፦ «በነዚያ አሥራ አራት ወራት ስንቅ ሳይቋረጥ ይገባልኝ ነበር።» እትዬ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው ቆዩ። በማን? አላሉም። ዝናብም ቢሆን ፀሐይም ቢሆን፣ ሁለተኛዋን ልጅ አዝለው፣ ምግቡ እንዳይፈስ በሁለት እጃቸው ይዘው ይሄዱ እንደነበር፣ እስር ቤቱ በር ላይ የሰጡት ሳህን ባዶውን ሲመለስላቸው በሕይወት አለ ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። ድምፃቸው አልተለወጠም። ከዚያ ጣታቸውን ወደ አንዲት ቃል ገፋ አደረጉ።

«ሳይቋረጥ ብሏል። አስተውሎታል ማለት ነው» አሉ።

ለማሽኑ ወረቀት የምጨምር መስዬ ዞርኩ፤ ማሽኑ ወረቀት ሞልቶት ነበር። እትዬ ካርዳቸው ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ብለው ጻፉና ቀጥዪ አሉኝ።

ረቡዕ ጋሼ ክራባት አድርገው መጡ። እትዬም ነበሩ፤ ያንን አሮጌ የመዝገብ ቤት መነጽራቸውን አድርገው ገጾቹን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። የኛ ሥራ የሚታረመው በማናበብ ነው፤ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው ዋናውን እያየ ያመሳክራል። አንባቢው እኔ ነኝ አሉ ጋሼ፤ ውሳኔ ማንበብ ለሌላ ሰው ሰጥተው አያውቁም። ተነሥተው ቆሙና ከሀ ጀመሩ። ስም ያነባሉ፣ ገጽ ያነባሉ፤ እትዬ ይገልጣሉ፣ አለ ይላሉ፣ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። በየመስመሩ ጋሼ ተቃውሞ አላቸው። ይሄ ሰው ለምን ሁለት ገጽ ብቻ፣ ያኛው ለምን አምስት፣ ይሄ ውሻ እዚህ ምን ይሠራል። ክስ ሊያስጽፉ የመጡ ሁለት ሰዎች ወረፋቸውን ረስተው ቁጭ ብለው ይሰማሉ።

የእትዬ መስመር ላይ ሲደርሱ ጋሼ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። በመጠቁሙ ውስጥ ከሁሉም የረዘመው እሱ ነው፤ አንድ ዓምድ ሙሉ ወርዶ ሁለተኛውን ጀምሯል። ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ሄዱበት። ምሳ ማቅረብ፣ ካባ መተኮስ፣ የጠፋ መዝገብ ማግኘት፣ ጣሪያ ማስቀየር፣ ልጆች መዳር፣ ስንቅ ማመላለስ። ተቃውሞ አላነሡም። መነጽራቸውን አውልቀው በክራባታቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወረቀቱን ወደኔ ዘርግተው፣ ከላይ ያለውን ስም በጣታቸው አሳዩኝ፤ አንቺ አንብቢው ማለታቸው ነው።

ወረቀቱን አልተቀበልኳቸውም። «ጋሼ፣ አንባቢው እርስዎ ነዎት። ያልተነበበ አይመሳከርም» አልኳቸው።

ወደ እትዬ አዩ። እትዬ ጭናቸው ላይ ያለውን ገጽ እያዩ ነው፤ እርሳሳቸውን ይዘው እንደሌላው መስመር ሁሉ ይጠብቃሉ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያ ችሎት በሚያንቀጠቅጥ ድምፃቸው ጀመሩትና መሐል ላይ ሳሳ፤ ግን አልተዉትም፤ ስማቸውን ሙሉውን፣ ከነአባታቸው ጠሩት።

እትዬ እርሳሱን ገጹ ላይ አስቀመጡ።

«አቤት» አሉ።